የኤርሲሊያ ቢጫ ዣንጥላ

ዲርቼ ያንን ቢጫ ዣንጥላ ከተመኘችው ዐሥራ አምስት ዓመት ሆናት። ዣንጥላው ራሱ የሚያስመኝ ነገር የለውም፤ አንድ ሽቦው ተሰብሮ በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ቀለሙንም ፀሐይ በልቶታል። ግን የቦርጎ ቬልዛ መንደር ቁምስና ምእመናን በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ አብያተ ክርስቲያናትን ለመሳለም በአውቶቡስ ሲወጡ፣ ያንን ዣንጥላ ከፍ አድርጎ ፊት ፊት የሚሄደው ሰው መሪያቸው ነው። እሱ ሲቆም አርባ ሰው ይቆማል። እሱ ጣራ ሲያይ አርባ ሰው አንገቱ እስኪቀጭ ጣራ ያያል። ለዲርቼ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት በምድር ላይ የለም፤ ጵጵስና እንኳ ብዙ ወረቀት አለው ትላለች።

ዣንጥላው ያለው በኤርሲሊያ እጅ ነው። ኤርሲሊያ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ የመንደሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠረች፣ አንደበቷ ማር የሆነ ሴት። አንድ የተላላጠ ግድግዳ ፊት ቆማ «እዩት» ካለች ግድግዳው ማማር ይጀምራል። ዲርቼ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ለልጆች ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማረች፣ የቅዱሳኑን ልደትና ዕረፍት በቀን በቀኑ የምታውቅ፣ ስለ እነሱም ሦስት ደብተር ሙሉ የጻፈች። የቀድሞው ቄስ ለጉዞው መሪ ሲፈልጉ ሁለቱም እጃቸውን አወጡ። ቄሱ ኤርሲሊያን መረጡ።

ሁለቱ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የተማሩ አብሮ አደጎች ናቸው። አብሮ አደግ ደግሞ ቢኳረፍም አይለያይም። ስለዚህ ዲርቼ ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አውቶቡሱ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጣ የኤርሲሊያን ስህተት ስታርም ኖረች።

«የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዕረፍት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ነው እንጂ ሃያ ሰባት አይደለም!» ትላለች ከኋላ።

«ዲርቼ፣ አንድ ዓመት ዕድሜ ብንጨምርላቸው ምን ይከፋሻል?» ትላለች ኤርሲሊያ ዞር እንኳ ሳትል፤ አርባ ሰው ይስቃል።

የባሰው ግን የሲዬናው ነበር። ሲዬና ውስጥ ከገበያው ጀርባ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ግድግዳዋ ላይ የቃና ዘገሊላ ሰርግ ተሥሏል። ከሰርገኞቹ ጥግ አንዲት አገልጋይ ጋን ውስጥ ውኃ ትሞላለች፤ አፍንጫዋ ረዘም፣ ወደ አንድ ጎን ዘመም ያለ ነው። ኤርሲሊያ በየዓመቱ እዚያ ስትደርስ በዣንጥላዋ ጫፍ ትጠቁምና «ይህችን እኅታችንን ግን የት ነው የማውቃት?» ትላለች። አርባ ሰው ዞሮ ዲርቼን ያያል፤ ከዚያማ ሳቅ በሳቅ ነው። ዲርቼም ከአንገት በላይ አብራ ትስቃለች።

ዘንድሮ ቁምስናው አዲስ ቄስ መጥተውለታል። አባ ቴሬንዚዮ ይባላሉ፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ አዲስ ዕቃ የሚወዱ። በመነሻው ቀን ጠዋት ሰው ሁሉ ሻንጣውን ሲጭን፣ ዲርቼን ከአውቶቡሱ ጀርባ ጠሯት።

«እትዬ ዲርቼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መምህርት ኤርሲሊያ ባለፈው እሑድ ደረጃ ላይ ተደናቀፉ። እኔ አዲስ ነኝ፣ አላውቃቸውም። ከእንግዲህ መምራቱን ይችሉታል ወይስ አይችሉትም? እስቲ ልብ ብለው ይዩልኝና ሲዬና ላይ ይንገሩኝ። የማይችሉ ከሆነ፣ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ዣንጥላውን ለእርስዎ ልሰጥ አስቤአለሁ።»

«ኧረ አባ፣ እኔ ደግሞ ምን ዕውቀት አለኝና!» አለች ዲርቼ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ልቧ ከአውቶቡሱ ጣራ በላይ ዘልሎ ነበር።

አባ ቴሬንዚዮ ያመጡት ሌላም ጉድ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው በአንገት የሚንጠለጠል ትንሽ ሬድዮ ከነጆሮ ማዳመጫው፣ ለኤርሲሊያ ደግሞ ደረቷ ላይ የሚሰካ ማይክራፎን። ማይክራፎኑ ሲሠራ ትንሽ ቀይ መብራት ይበራበታል።

«ከእንግዲህ መጮኽ ቀረ» አሉ አባ ቴሬንዚዮ በኩራት። «በሹክሹክታ ቢናገሩ እንኳ ሁሉም ይሰማል።»

«እንግዲህ መምህሬ፣ ሐሜት ቀረብዎት» አለ ሹፌሩ ሌያርኮ መሪውን እየጨበጠ።

ዲርቼ ሥራዋን ጀመረች። አቤት ስትሠራ! ሰማይ ቤት መዝገብ ያዥ ቢጎድል እሷን ነው የሚጠሩት። ገና አውቶቡሱ ሳይነሳ ኤርሲሊያ የተሳፋሪውን ስም ከወረቀት ላይ ጠራች፤ አርባውንም ሳትስት። ዲርቼ ግን ከሁለተኛው ረድፍ ሆና አየች፤ ወረቀቱ ተገልብጦ ነበር። ኦርቪዬቶ ላይ ምሳ የበሉበት የመነኮሳት ቤት በር አጠገብ ደግሞ በሰው ቁመት የቆመ የጂፕሰም የቅዱስ እንጦንስ ሐውልት አለ። ኤርሲሊያ ስታልፍ በትከሻዋ ነካችውና ጎንበስ ብላ «ይቅርታ አባቴ፣ ገፋሁዎት» አለችው። ሌላ ማንም አላየም። ዲርቼ አይታ ምራቋን ዋጠች፤ «በቃ፣ ዣንጥላው የእኔ ነው» አለች በሆዷ።

በማግስቱ አሲዚ ገቡ። የቅዱስ ፍራንቸስኮስን መቃብር ተሳልመው፣ ግድግዳውን ሙሉ ሥዕል በኤርሲሊያ አንደበት ጠግበው ወጡ። አባ ቴሬንዚዮ ከሌያርኮ ጋር ለአውቶቡሱ ማቆሚያ ፍለጋ ሄዱ። ሌላው ሰው ጥላ ያለበት ግንብ ሥር ተቀምጦ ጄላቲውን መላስ ጀመረ። «እስክመለስ ዕረፉ» አለች ኤርሲሊያ፤ ከግንቡ ማዶ ወዳለችው የመናዘዣ ክፍል ገባች። ማዳመጫውን ከጆሮው ያወጣ አልነበረም፤ ስትመለስ በዚያው ትጠራናለች ብለው ነው።

ብዙም አልቆየ፤ አርባ ጆሮ ውስጥ የኤርሲሊያ ድምፅ መጣ።

«...ከተናዘዝኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እያታለልኩ ኖሬአለሁ።»

«ይሄ የየትኛዋ ቅድስት ታሪክ ነው?» አሉ ጋሽ ኦሬስቴ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ድሮ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ስለነበሩ ጆሯቸው ደክሟል፣ ማዳመጫውንም እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገውታል።

ሰዉ ጄላቲውን መላስ አቆመ።

«የዓይኔ መሃሉ ጠፍቷል አባቴ» አለ ድምፁ። «ዳር ዳሩን እንጂ ፊት ለፊቴ ያለውን አላይም። ሰዉን በድምፁ ነው የምለየው፤ ሥዕሉን በትዝታ። አርባ ሰው አስከትዬ እኔ የማላየውን ‘እዩ’ እላቸዋለሁ። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ፈራሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ የሚያኖሩኝ እነዚህ አራት ቀኖች ናቸው። ዣንጥላውን ከወሰዱብኝ ቤቴ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ መዋሌ ነው። ግድግዳውንም እኮ አላየውም።»

አንዲት ሴት ጄላቲዋ ቀሚሷ ላይ ሲቀልጥ አላወቀችም። ዲርቼ ማዳመጫውን ልታወጣ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች። ልታወጣው ነበር፤ እውነቷን ነው።

«ሌላም አለ። አንዲት አብሮ አደግ አለችኝ። ቅዱሳኑን ከእኔ አብልጣ ታውቃለች፤ ዣንጥላው ለእሷ ይገባ ነበር። ይህን ስለማውቅ ነው በአፍንጫዋ ሰው እያሳቅሁ አፏን የማዘጋው። ይህ ከዓይኔ ይልቅ...»

ድምፁ ድንገት ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ወደ ዲርቼ ዞረ። ዘንድሮ ግን ማንም አልሳቀም። ዲርቼ ፊቷ ፍም መሰለ፤ ወዴት እንደምታይ ጠፋት። ስድሳ ዓመት ሙሉ ያንን ቃል ከዚያች ሴት አፍ ለመስማት ስትጠብቅ ኖራ፣ ሲመጣ እንዲህ ተሰርቆ ይምጣ? ደስም አላት፣ አዘነችም።

«እንዴ!» አሉ ጋሽ ኦሬስቴ፤ አሁን ገብቷቸዋል። «ይሄማ ለአባ ቴሬንዚዮ መነገር አለበት! የማታይ ሴት ገደል ብትከተንስ?»

እዚህ ላይ ነው የዲርቼ አፍ ከዲርቼ ልብ የቀደመው። ሠላሳ ዓመት ልጆች ስትቆጣ የኖረችበት ድምፅ ሳታስበው ወጣ።

«ዝም ይበሉ ጋሽ ኦሬስቴ! ኑዛዜ የሰማ ሰው፣ በአጋጣሚም ይስማ በስህተት፣ እንደ ቄሱ በምስጢር ታስሯል! ለአባም፣ ለሚስትም፣ ለራሷ ለኤርሲሊያም ትንፍሽ ማለት አይቻልም። የተናገረ ከባድ ኃጢአት አለበት። ሰማችሁ?»

«ሰምተናል» አሉ ሁሉም፤ ግማሾቹ የእሷ ተማሪዎች ስለነበሩ ባሉበት ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ዲርቼ ተናግራ ስትጨርስ ነው የገባት። ዣንጥላው እጇ ሊገባ ሲል በገዛ አፏ በሩን ቆለፈችበት። ኤርሲሊያ ከክፍሉ ወጥታ በዝግታ መጣች፤ ፊቷ ቀልቷል፣ ደረቷ ላይ ያለው መብራት ጠፍቷል።

«ጄላቲ አልተረፈም?» አለች።

«የእኔን ውሰጂ» አለች ዲርቼ።

ኤርሲሊያ እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ላየ ሰው ጉድ ነው። አርባ ሰው አንድም ቃል ሳይነጋገር ሥራ ተከፋፈለ። ደረጃ በመጣ ቁጥር አንዱ ለራሱ እንደሚያወራ «ውይ፣ ሦስት ደረጃ! ጉልበቴን!» ይላል። ከኋላው ያለውም «ሦስት ደረጃ!» ይላል። ዐሥረኛው ሰው ሲደርስ መዝሙር ይመስላል። ኤርሲሊያ ፊት ሰው ከመጣ ስሙን ጮክ አድርጎ ነው የሚገባው፤ «እኔ ሌያርኮ ነኝ፣ እኔ ሌያርኮ ውኃ ይዤ መጣሁ!» ለሌያርኮ ማን ሹክ እንዳለው አይታወቅም፤ ምናልባት ሰዉ ሁሉ እንዲያ ስላደረገ እሱም አድርጎ ይሆናል። ጋሽ ኦሬስቴ ምስጢሩ እንዳያመልጣቸው ፈርተው ቀኑን ሙሉ ካራሜላ ጎርሰው ዋሉ። አባ ቴሬንዚዮ ብቻ ምንም ሳይገባቸው «ዘንድሮ እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» እያሉ ይደሰታሉ።

ዲርቼ ግን ከራሷ ጋር ሙግት ገጥማለች። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሲዬና ሲጓዙ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች አሰበች። ከኑዛዜው የሰማችው ታሽጓል፤ እሺ። ያ የተገለበጠው ወረቀትስ? ያ የጂፕሰሙ እንጦንስስ? እነሱን ከኑዛዜው በፊት፣ በገዛ ዓይኗ ነው ያየቻቸው። እነሱን መናገር የሚከለክል ቀኖና የለም። «አባ፣ ሐውልት ይቅርታ ስትጠይቅ አይቻለሁ» ብትል በቂ ነው። ኃጢአትም አይሆንባት፣ ዣንጥላውም የእሷ። ይህን ስታስብ ለምን ደስ እንዳላላት አልገባትም፤ ተናደደች፣ በማን እንደተናደደችም አላወቀችም።

ሲዬና ደረሱ። ኤርሲሊያ ዣንጥላዋን ከፍ አድርጋ፣ ገበያውን አቋርጣ፣ ትንሿን ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ልማድ አገኘቻት። ገብታ የቃናው ሰርግ ፊት ቆመችና ጀርባዋን ለግድግዳው፣ ፊቷን ለሰዉ ሰጠች። ሰዉም ቀና ብሎ አየ።

ሥዕሉ የለም። ማለቴ፣ አለ፤ ግን እድሳት ላይ ስለሆነ ከጣራ እስከ ወለል በወፍራም ፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ ፊት ለፊቱም የእንጨት መወጣጫ ተገትሯል።

አርባ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በሩ ላይ የተቀመጠችው የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ብድግ ብላ «እሜቴ፣ እሱ እኮ...» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ጋሽ ኦሬስቴ ተንደርድረው ካራሜላ አጎረሷት። ሴትዮዋ ዓይኗ ፈጦ ቀረ።

«እዩት እንግዲህ» አለች ኤርሲሊያ። «ጠረጴዛው ረጅም ነው፤ የተቀመጡት ሰዎች ግን ተጨናንቀዋል፣ ሰርግ ነዋ። ሙሽራው ተጨንቋል፤ ወይኑ አልቋል፣ አማቱ ደግሞ እያየችው ነው።»

«አየናት!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ፕላስቲኩን እያየ።

«የድግሱ አሳዳሪ ጽዋውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ‘ይህ ከየት መጣ?’ ይላል። ሙሽራው አያውቅም። እንግዶቹ አያውቁም። ወንጌሉ ግን ምን ይላል? ዲርቼ፣ ምን ይላል?»

ዲርቼ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። «ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ግን ያውቁ ነበር» አለች።

«ያውቁ ነበር። እስቲ ያቺን ጥግ ያለችውን አገልጋይ እዩዋት። ጉዱን ሁሉ ታውቃለች። ሙሽራውን ልታዋርደው ትችል ነበር። እሷ ግን አፏን ዘግታ ጋኗን ትሞላለች። ሰርጉን ሰርግ ያደረገች እሷ ናት። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስለ አፍንጫዋ ሳወራ ኖርኩ፤ ሞኝ ነኝ።»

ከተከፈተው በር ነፋስ ገባና ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ዲርቼ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወደዚያ ወደ ባዶው ሽፋን ቀና አለች።

«እንዴት ታምራለች» አለች።

አባ ቴሬንዚዮ ከሁሉም ዘግይተው ገቡ። ሽፋኑን አዩ፤ ሽፋኑን እያዩ የሚያለቅሱትን ሰዎች አዩ። «ግን... ይሄ እኮ ተሸፍ...» ማለት ጀመሩ።

ዲርቼ እጃቸውን ያዝ አደረገች። «አባ፣ ታዲያ ስለ ፕላስቲኩ ትንገረን?» አለች በሹክሹክታ።

አባ ቴሬንዚዮም ከሰዉ ጋር ቀና ብለው ፕላስቲኩን ማየት ጀመሩ።

ምሳ ላይ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ። ኤርሲሊያ በጠረጴዛው ሌላኛው ጫፍ ናት፤ ሌያርኮ ፓስታው በየት በኩል እንዳለ፣ ወይኑ በየት በኩል እንዳለ ስለ ራሱ ሳህን የሚያወራ መስሎ ይነግራታል።

«እሺ እትዬ ዲርቼ» አሉ አባ። «ሲዬና ደረስን። መምህርት ኤርሲሊያ ይችላሉ ወይስ አይችሉም?»

ወረቀቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እንጦንሱም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃት ነበር። ዲርቼ ሹካዋን አስቀመጠች።

«አባ፣ እኔ ያንን ሥዕል ዐሥራ አምስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ያየሁት አፍንጫ ብቻ ነው። ዛሬ ተሸፍኖ ሙሉውን አየሁት። እሷ ካልመራች እኔ ከቤቴ አልወጣም።» ትንሽ አሰብ አደረገችና ጨመረች። «ዣንጥላው ግን ለክንዷ ከብዷል። ተሸካሚ ትፈልጋለች።»

«ተሸካሚው ማን ይሁን?»

«አጠገቧ የሚሄድ ሰው ነዋ። እኔ አለሁ።»

አባ ቴሬንዚዮ «ይሁን» ብለው ወይኗን ቀዱላት።

ከምሳ በኋላ ሰዉ ትልቁ አደባባይ ላይ ተበትኖ ፀሐይ መሞቅ ጀመረ። ኤርሲሊያ መጥታ የዲርቼን ክንድ ያዘች። ከልጅነታቸው ወዲህ እንዲያ ይዛት አታውቅም። ትንሽ ከተራመዱ በኋላ ጠየቀቻት።

«ጨርቅ ነበር ወይስ ፕላስቲክ?»

ዲርቼ ቀጥ ብላ ቆመች። «ምኑ?»

«የሸፈነው። ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት። ፕላስቲክ መሰለኝ።»

«እኔ ምንም አላውቅም» አለች ዲርቼ ፈጥና። «ምንም አልሰማሁም፣ ምንም አላውቅም።»

«ልክ ነሽ፣ አታውቂም» አለች ኤርሲሊያ። «እኔ ልንገርሽ እንግዲህ፤ የራሴን መናገር ማን ይከለክለኛል? አሲዚ ላይ ስናዘዝ አናዛዡ ቄስ አቋረጡኝና ‘ልጄ፣ ደረትሽ ላይ የሚበራው ቀይ መብራት ምንድን ነው?’ አሉኝ።»

ዲርቼ አፏን ያዘች። «አውቀሽ ነበር!»

«ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ንስሐዬ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ‘ስለዚህ ነገር አንድም ቃል ሳትናገሪ፣ ሲዬና እስክትደርሺ ከእነሱ ጋር ሂጂ’ አሉኝ። ወጣሁ። ‘አሁን ትናገራለች’ አልኩ፤ ጄላቲ ሰጠሽኝ። ‘ጠዋት ትናገራለች’ አልኩ፤ ደረጃ ቆጠርሽልኝ። ያቺ የአንድ ዓመት ስህተት አላሳልፍ ያለችኝ ዲርቼ!»

«ሕግ ነዋ፤ ቀኖናው ያስራል» አለች ዲርቼ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ቀኖናው ‘እንዴት ታምራለች’ በዪ ይላል? በስድሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ከእኔ ጋር ተስማምተሽ አታውቂም! ያን ስሰማ ነው ሥዕሉ መሸፈኑን ያረጋገጥሁት።»

ዲርቼ ሳቋ አመለጣት። ሲስቁ ሲስቁ እንባቸው መጣ፤ ከዚያ የትኛው ሳቅ፣ የትኛው ልቅሶ እንደሆነ ጠፋቸው።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ» አለች ዲርቼ በመጨረሻ። «አፍንጫዋ በእርግጥ የእኔን ይመስላል?»

«ኧረ አይመስልም። የእሷ ያምራል።»

ዲርቼ ልትመታት እጇን ስታነሳ፣ የኤርሲሊያ ደረት ላይ ያለችውን ቀይ መብራት አየች።

«ኤርሲሊያ! በርቷል! ማይክራፎኑ በርቷል!»

«አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያበራሁት» አለች ኤርሲሊያ ረጋ ብላ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ወገኖቼ፣ ይሄኛው ኑዛዜ አይደለም። ማውራት ይቻላል።»

አደባባዩ ፈነዳ። ሁለት ቀን ሙሉ አፉን አስሮ የኖረ አርባ ሰው በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ፤ አንዱ «እኔማ ልሞት ነበር!» ይላል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ ጋሽ ኦሬስቴ ካራሜላቸውን ተፍተው «ገደል ትከተናለች ብዬ ነበር፣ ይቅር በዪኝ መምህርት!» እያሉ ይጮኻሉ። ርግቦቹ ሁሉ ተነሥተው በረሩ።

ከዚያ ሰዉ አንድ ነገር ትዝ አለውና ጸጥ አለ። አባ ቴሬንዚዮም ማዳመጫቸው ጆሯቸው ላይ ነበር። ቀስ ብለው መጡ። ኤርሲሊያ ወደ ድምፃቸው ዞረች፤ ዣንጥላውን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«አባ፣ ሰምተዋል» አለች። «እንደፈቀዱ።»

አባ ቴሬንዚዮ ዣንጥላውን ከእጇ ተቀበሉ። ዞር ብለው ለዲርቼ ሰጧት።

«እትዬ ዲርቼ ምሳ ላይ ነግረውኛል» አሉ። «ተሸካሚ ያስፈልጋል ብለዋል። ተሸካሚ እንጂ መሪ አላሉም።»

ዐሥራ አምስት ዓመት የተመኘችው ዣንጥላ ነው። በያዘችው ጊዜ እንዲህ ቀላል ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም። ዲርቼ በአንድ እጇ ዣንጥላውን ወደ ላይ አነሣች፣ በሌላ እጇ የኤርሲሊያን ክንድ ቆለፈች፤ ፊት ፊት መሄድ ጀመሩ። አርባ ሰው ተከተለ።

«አሁን ደግሞ በግራ በኩል እዩ» አለች ኤርሲሊያ ለማይክራፎኑ። ከዚያ ዝቅ አድርጋ፣ ሁሉም እየሰማት፣ «ዲርቼ፣ በግራ ምን አለ?»

ዲርቼ አየት አደረገች። «ፋርማሲ።»

«እንግዲያው በቀኝ እዩ» አለች ኤርሲሊያ።